የመታመም ተራ

[ኅዳር መጀመሪያ፣ ፲፱፻፴ ዓ.ም.። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ የጣሊያን የመንገድ ሥራ ሰፈር። ማለዳ። በሐኪሙ ድንኳን ፊት ሁለት ሠራተኞች ቆመዋል። ደምለው የድቁና ትምህርቱን ያቋረጠ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው። ባዘዘው የይጁቤ ገበሬ ነው፤ ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል። ድንጋይ ለሁለት የሚሸከሙባት የእንጨት ባሬላ መካከላቸው ተጋድማለች።]

ደምለው፦ ቁርጠት የእኔ ነው አልኩህ!

ባዘዘው፦ ባለፈው ሳምንት ወሰድከው እኮ።

ደምለው፦ የእኔ ስለሆነ ነዋ የወሰድኩት።

ባዘዘው፦ ከዚያ በፊት ባለው ሳምንትም ወስደኸዋል። ሆድ ያለህ አንተ ብቻ ነህ?

ደምለው፦ ሆድ ሁሉም አለው። ቁርጠት ግን ሙያ ይፈልጋል።

ባዘዘው፦ ዛሬ የመታመም ተራው የእኔ ነው፣ አያ ደምለው። ማርቆስን! እዚህ ከመጣሁ አንድ ቀን አልታመምኩም።

ደምለው፦ ጤና በሰጠህ አምላክ ላይ ታማርራለህ?

ባዘዘው፦ ጤናውስ ይመስገን። እኔ የፈለግሁት የእረፍት ወረቀቱን ነው። ሦስት ቀን፣ ከነደሞዙ።

ደምለው፦ የአለቃችንን የካቦውን ሕግ ታውቃለህ?

ባዘዘው፦ አውቃለሁ። «ከአንድ ባሬላ አንድ በሽተኛ ብቻ።»

ደምለው፦ ስለዚህ?

ባዘዘው፦ ስለዚህ አንተ ዛሬ ደህና ሁን።

ደምለው፦ [በመገረም] እኔ? ደህና? ምን በድያለሁ?

ባዘዘው፦ ስማኝ። ጤፌ ታጭዶ ማሳው ላይ ተበትኗል። ሚስቴ ሙላቷ ብቻዋን ናት፤ አንዲት ሴት ያን ሁሉ ነዶ ሰብስባ መከመር አትችልም። ደመናውን አየኸው? በኅዳር እንዲህ ያለ ደመና! ዝናብ ከመታው ማሳው ላይ ይበቅላል። ከዚያ ወዲያ እስከሚመጣው ዓመት የምንቀምሰው የለም።

ደምለው፦ ሳትታመም ብትሄድስ?

ባዘዘው፦ ስሜን ይሰርዙታል። አንዱ በሬዬ ሞቶብኝ ነው እዚህ የመጣሁት፤ ሌላ ሳልገዛ ከተሰረዝኩ ከርሞ በምን አርሳለሁ? እኔ ከአንዱ በሬ ጎን ልጠመድ?

ደምለው፦ ትከሻህስ ይችል ነበር።

ባዘዘው፦ አንተን ግን ዛሬ ምን አመመህ?

ደምለው፦ ነገርኩህ፣ ቁርጠት።

ባዘዘው፦ የግራዝማች ወልደጊዮርጊስ ተዝካር ዛሬ አይደል?

ደምለው፦ [አፉን በእጁ ጀርባ ጠርጎ] ነው እንዴ?

ባዘዘው፦ ሠራተኛው ምን እንደሚልህ ታውቃለህ? «ባለጠጋ በሞተ በአርባኛው ቀን ደምለው ይታመማል» ነው የሚልህ።

ደምለው፦ ቅናት ነው።

ባዘዘው፦ የቀኛዝማች የሽዋስ ተዝካር ዕለት ራስህን አመመህ። የእመት ፋንታነሽ ዕለት ወገብህን። የመርጌታ ኃይለ ሚካኤል ዕለት ግን ደህና ነበርክ።

ደምለው፦ የመርጌታው ተዝካር ረቡዕ ዋለ። ሥጋ አልነበረውም።

ባዘዘው፦ አንተ በታመምክ ቁጥር እኔን ከወልደ ሰንበት ጋር ያጣምሩኛል።

ደምለው፦ ወልደ ሰንበት ምን ይወጣለታል? ጥሩ ሰው።

ባዘዘው፦ ጥሩ ነው። ግን ረጅም ነው። ባሬላዋ ወደ እኔ ታዘነብላለች፤ ድንጋዩ ሁሉ ተንሸራቶ ደረቴ ላይ ይከመራል። እሱ እንጨቱን ይይዛል፣ እኔ ድንጋዩን እሸከማለሁ።

ደምለው፦ አንተ ከፊት ሆነህ እሱ ከኋላ ቢሆንስ?

ባዘዘው፦ ያን ጊዜ ጀርባዬ ላይ ነው የሚከመረው። ሞክረነዋል።

ደምለው፦ [እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ጠርጎ] እሺ። ግፍ አልሠራም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለመሆኑ መታመም ትችላለህ?

ባዘዘው፦ ምን ችሎታ አለው? አመመኝ ማለት ነው።

ደምለው፦ ሞኝ! ይህ ሐኪም የዋዛ መሰለህ? እንሞክርህ። በል፣ እኔ ሐኪሙ ነኝ።

ባዘዘው፦ መቼ ተሾምክ?

ደምለው፦ እንበል ነው ያልኩህ!

ባዘዘው፦ እሺ፣ እንበል።

ደምለው፦ ሐኪሙም አስተርጓሚውም እኔ ነኝ። አንተ በሽተኛ ነህ። ግባ!

[ባዘዘው ቀጥ ብሎ ወደ እውነተኛው ድንኳን ያመራል። ደምለው በጋቢው ጫፍ ጎትቶ ይመልሰዋል።]

ደምለው፦ እዚሁ ግባ!

ባዘዘው፦ በየት በኩል? በር የለው!

ደምለው፦ ገብተሃል! ቁም! እሺ፣ እንዴት አደርክ?

ባዘዘው፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እርስዎስ እንዴት አደሩ?

ደምለው፦ [እጁን አጨብጭቦ] አለቀ! ወደ ድንጋይህ!

ባዘዘው፦ ምን አጠፋሁ?

ደምለው፦ ደህና ነኝ አልክ! አስተርጓሚው አቶ ፍሥሐ እኮ ለዚህ ነው አስቀድሞ ሰላምታ የሚሰጥ። ደህና ነኝ ያለውን ሁሉ ዞር ብሎ ለሐኪሙ «ደህና ነኝ ብሏል» ይልለታል። ባለፈው ሰኞ ግማሹ ሰልፍ በሰላምታ ተባረረ። ጓደኛችን እንዳላማው ድንጋይ የወደቀበት እግሩ እንደ ቅል አብጦ፣ በሁለት ሰው ተደግፎ ገባ። «እንዴት አደርክ» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» አለ። ተደግፎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ባዘዘው፦ ታዲያ ምን ይበል? ሰው ሰላም ሲልህ ዝም ይባላል?

ደምለው፦ ሰላም ሳይልህ በፊት አቃስት!

ባዘዘው፦ እግዚአብሔር ይመስገን ሳልል?

ደምለው፦ አትበል!

ባዘዘው፦ ሲታመሙማ ይበልጥ ይባላል። አባቴ ነፍሱ ልትወጣ ስትል የንስሐ አባቱ መጥተው «እንዴት ነህ» ቢሉት፣ «ደህና ነኝ፣ እርስዎ እንዴት ሰነበቱ» አለ። በቅሏቸውን ጠየቀ። የላማቸውን ጥጃ ጠየቀ። ከዚያ ነው ያረፈ።

ደምለው፦ አባትህ የሦስት ቀን ወረቀት አልፈለገም። እንደገና። እንዴት አደርክ?

ባዘዘው፦ [ላብ በላብ ሆኖ] እ… እም… እግዚ…

ደምለው፦ አትበል!

ባዘዘው፦ ደ…

ደምለው፦ ዋጠው!

ባዘዘው፦ [ትንፋሹ አጥሮት] ደህና አይደለሁም፤ ግን ይመስገን።

ደምለው፦ ይሁን። ምንህን ነው የሚያምህ?

ባዘዘው፦ ጤፌን።

ደምለው፦ ከሰውነትህ!

ባዘዘው፦ ከሰውነቴማ ምንም።

ደምለው፦ መቼ ጀመረህ?

ባዘዘው፦ ትናንት፣ ደመናውን ሳይ።

ደምለው፦ ጉድ ነው! ዋሽ እንጂ! ለጣሊያን መዋሸት እኮ ኃጢአት አይደለም።

ባዘዘው፦ ማን አለ?

ደምለው፦ አባቶች።

ባዘዘው፦ የትኛው አባት?

ደምለው፦ ለጣሊያን የዋሸ አባት! ምላስህን አውጣ።

ባዘዘው፦ በጠዋት?

ደምለው፦ አውጣ! [ጎንበስ ብሎ ያያል] ምን ያለ ጤነኛ ምላስ ነው! እንዲህ ያለ ምላስ ይዞ ሐኪም ፊት መቅረብ ነውር ነው። በቃ፣ አንተ ለመታመም አልተፈጠርክም። እኔ እገባለሁ።

ባዘዘው፦ ጤፌስ?

ደምለው፦ ድንጋይ ስትሸከም ጸልይበት። ከአንድ ባሬላ አንድ ሰው ከታመመ አይቀር የሚችልበት ሰው ይታመም። ሐኪሙ አንተን ቢይዝህ በማግስቱ እኔንም አያምነኝም። ለባሬላችን ክብር ብዬ ነው።

[ደምለው ሆዱን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ድንኳኑ ይራመዳል። ባዘዘው ባሬላዋ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል።]

ባዘዘው፦ አያ ደምለው።

ደምለው፦ ምንድን ነው ደግሞ? እያመመኝ ነው።

ባዘዘው፦ ባለፈው ሐኪሙ «እንደገና በቁርጠት ብትመጣ የጉሎ ዘይት አጠጥቼ ወደ ሥራ እሰድሃለሁ» ብሎህ አልነበር?

ደምለው፦ [ቀጥ ብሎ] ይህን ማን ነገረህ?

ባዘዘው፦ ድንኳኑ ሸራ ነው። አገር ሰምቷል።

ደምለው፦ ረስቼው ነበር። [ተመልሶ ይቀመጣል] የጉሎ ዘይት! ያን ጠጥቼ ተዝካር ብሄድ የት እቀመጣለሁ?

ባዘዘው፦ ከበሩ አጠገብ።

ደምለው፦ አትቀልድ! ሌላ ሕመም እንፈልግ።

ባዘዘው፦ ራስህን።

ደምለው፦ ራስ አልቋል። ሁለት ጊዜ ታምሜዋለሁ።

ባዘዘው፦ ወገብህን።

ደምለው፦ ወገቤን ስለው አጎንብሰህ ተነሣ አለኝ። ሳላስበው ተነሣሁለት።

ባዘዘው፦ ጥርስህንስ?

ደምለው፦ ጥርስ ወዲያ! አንድ ጊዜ ጥርሴን ብዬው ደህናውን ነቀለው። [ድዱን ያሳየዋል] የእመት ፋንታነሽን ሥጋ በአንድ ጎን ነው ያኘክሁት።

ባዘዘው፦ [ራሱን እያከከ] የሙላቷ ወንድም አምና ደጀን መንገድ ላይ ሲሠራ ታሞ ነበር። እዚያ ያለው ሐኪም ሳይነካው ነው ወረቀት የሰጠው።

ደምለው፦ ሳይነካው?

ባዘዘው፦ በሩ ላይ ቆሞ።

ደምለው፦ ምላሱን ሳያይ?

ባዘዘው፦ ኧረ ምን ምላስ! ወረቀቱንም በረጅም እንጨት ጫፍ ነው ያቀበለው።

ደምለው፦ እንዴት ያለ ጨዋ ሐኪም ነው! ስንት ቀን ሰጠው?

ባዘዘው፦ ሃያ አንድ።

ደምለው፦ [ብድግ ብሎ] ሃያ አንድ ቀን! ከነደሞዙ?

ባዘዘው፦ ከነደሞዙ።

ደምለው፦ በሃያ አንድ ቀንማ አገሩን ሁሉ ተዝካር በተዝካር እዞረዋለሁ! በል ንገረኝ፣ ሕመሙ ምንድን ነው?

ባዘዘው፦ ስሙን እኔ ምን አውቄ፣ አያ። ራሱን ይፈልጠው ነበር።

ደምለው፦ ራስ ፍልጠት። ከሌላ ጋር ሲሆን ይታለፋል። ቀጥል።

ባዘዘው፦ ሰውነቱ እንደ ፍም ይፋጅ ነበር።

ደምለው፦ ከሩቅ ከሆነ ማን ይዳስሰዋል? ፊቴን በጋቢ አሸዋለሁ፣ ይቀላል። ቀጥል።

ባዘዘው፦ ብርሃን ማየት አይችልም። «መስኮቱን ዝጉ» ይላል።

ደምለው፦ ቀላል።

ባዘዘው፦ ይቃዣል። የሌለ ሰው ይጠራል።

ደምለው፦ የሞቱ ባለጠጎችን እጠራለሁ። ብዙ አውቃለሁ።

ባዘዘው፦ ደረቱና ሆዱ ላይ ደግሞ ቀያይ ነጠብጣብ ወጥቶበት ነበር።

ደምለው፦ ይኸን ከየት አመጣለሁ?

ባዘዘው፦ ቁንጫ ጠፍቶ ነው?

[ደምለው ጥብቆውን ገልጦ ደረቱን ያያል። በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል።]

ደምለው፦ ወይ ቁንጫ! ለካ ለዚህ ነው የበላሽኝ። [ድንገት በጥርጣሬ] ቆይ። ይህን የመሰለ ሕመም እያወቅህ ለምን አንተ አልታመምክበትም?

ባዘዘው፦ እኔማ ገና ከበሩ «እንዴት አደርክ» ሲሉኝ ደህና ነኝ ነው የምለው።

ደምለው፦ [ትከሻውን መታ መታ አድርጎ] እውነትህን ነው። ለእያንዳንዱ የተሰጠው አለው፤ ላንተ ሕመሙን ማወቅ፣ ለእኔ መታመም። አይዞህ፣ ከተዝካሩ አንድ ጎድን አመጣልሃለሁ።

ባዘዘው፦ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ አያ።

[ደምለው ፊቱን በጋቢው እስኪቀላ አሽቶ፣ ደረቱን ገልጦ፣ እየተንገዳገደ ድንኳኑ ውስጥ ይገባል። ባዘዘው በውጭ ጆሮውን ወደ ሸራው ይሰጣል።]

ደምለው፦ [ከውስጥ] ወይኔ ራሴ! ወይኔ! ብርሃኑን ወዲያ በሉልኝ! … ግራዝማች! ግራዝማች ወልደጊዮርጊስ ሆይ፣ መጣሁልዎ! … ደረቴን እዩት! ሁሉም ላይ ነው፣ ሆዴም ላይ ነው!

[የወንበር መውደቅ ድምፅ። አስተርጓሚው አቶ ፍሥሐ አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ ሮጦ ይወጣል፤ ሐኪሙ ቀድሞታል። ወታደሮች በፉጨት ይጠራሉ። አስተርጓሚው ከሩቅ ቆሞ ባዘዘውን አንድ ነገር ይጠይቀዋል። ባዘዘው ወደ አንዲት ጎጆ በጣቱ ያመለክታል፤ ከዚያ በዝግታ፣ ጣቱን እያጠፈ ስም ይቆጥራል።]

[ቀትር። ከሰፈሩ ዳር እሾሃማ ሽቦ የታጠረበት ሜዳ። ደምለው ከሽቦው ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሶ ቆሟል፤ ራሱ ተላጭቷል። ከሩቅ ጭስ ይታያል። ባዘዘው ጥቅሉን በትከሻው አንግቶ መጥቶ፣ ራቅ ብሎ ይቆማል።]

ደምለው፦ ባዘዘው! ወንድምዓለም! ና፣ ቅረበኝ!

ባዘዘው፦ [ጮክ ብሎ] ሃያ እርምጃ ራቁ ተብሏል!

ደምለው፦ ራሴን ላጩኝ!

ባዘዘው፦ አምሮብሃል!

ደምለው፦ ልብሴን አቃጠሉት!

ባዘዘው፦ ቁንጫውም አብሮ ሄደልህ!

ደምለው፦ ያ ጭስ ምንድን ነው?

ባዘዘው፦ ጎጆአችን ናት።

ደምለው፦ ጎጆአችን! ምን አድርጋ?

ባዘዘው፦ ተስቦ አለባት ተብላ።

ደምለው፦ ተስቦ! ደግሞ ማን ነው ተስቦ ያለበት?

ባዘዘው፦ አንተ ነሃ።

ደምለው፦ [ሽቦውን ይዞ፣ እሾሁ ወግቶት ይለቃል] እኔ ደህና ነኝ! ደህና ነኝ በላቸው!

ባዘዘው፦ ነግሬአቸው ነበር። «ተስቦ የያዘው ሁሉ እንዲህ ነው የሚል» አሉኝ።

ደምለው፦ ለተዝካሩ ብዬ ነው የዋሸሁት በላቸው!

ባዘዘው፦ እሱንም ነግሬአቸው ነበር። «ስለ ሥጋ ይቃዣል» ብለው ጻፉ።

ደምለው፦ እዚህ ምን ይሰጡኛል?

ባዘዘው፦ የሩዝ ውሃ ነው አሉ።

ደምለው፦ የሩዝ ውሃ! በግራዝማች ወልደጊዮርጊስ ተዝካር ስድስት ሰንጋ በታረደበት ቀን! [ይቀመጣል፤ ያስባል፤ ይነሣል] ባዘዘው። የሙላቷ ወንድም ሕመሙ ተስቦ ነበር አይደል? እያወቅህ ነው!

ባዘዘው፦ ሙላቷ ወንድም የላትም።

ደምለው፦ የላትም?

ባዘዘው፦ ሦስት እኅቶች ናቸው።

ደምለው፦ አንተ! ይህን ተንኮል ማን አስተማረህ?

ባዘዘው፦ አንተ በታመምክ ቁጥር ከወልደ ሰንበት ጋር ነበር የምውለው። ወልደ ሰንበት አያወራም። ካንተ ጋር ስሆን ማሰቢያ ጊዜ አላገኝም ነበር።

ደምለው፦ ጥቅልህን ይዘህ ወዴት ነው?

ባዘዘው፦ ይጁቤ። ሐኪሙ «በሽተኛው እስኪድን ድረስ አብረውት ያደሩት ሁሉ ሰፈሩ ውስጥ ድርሽ እንዳይሉ» ብሎ አዘዘ።

ደምለው፦ ደሞዛችሁስ?

ባዘዘው፦ አይቆረጥም። ከተቆረጠ ሰው ተስቦውን ይደብቃል አለ። አዋቂ ሐኪም ነው።

ደምለው፦ እና የጎጆዋ ሰዎች አምስታችሁም ትሄዳላችሁ?

ባዘዘው፦ በጎጆዋ ስንት ሰው ያድራል ብሎ ሲጠይቀኝ ዐሥራ አራት ነው ያልኩት።

ደምለው፦ ዐሥራ አራት! በዚያች የዶሮ ቤት?

ባዘዘው፦ ሐኪሙም ገርሞት ነበር። ከዚያ ደረትህን አስታወሰና አመነኝ።

ደምለው፦ ሌሎቹስ የት አሉ?

ባዘዘው፦ ያውልህ፣ ከዋርካው ሥር እየጠበቁኝ ነው። ዛሬውኑ ደቦ ወጥተው ጤፌን ይከምሩልኛል። ደመናውም ወደ ጮቄ ተራራ ዞር ብሏል፤ እንደርስበታለን። ነገ የወልደ ሰንበትን፣ ከነገ ወዲያ የእንዳላማውን ማሳ እንይዛለን። እንዳላማውን በባሬላዋ ተሸክመነው ነው የምንሄድ።

ደምለው፦ [በተሰበረ ድምፅ] ስለ እኔስ ምን ይላሉ?

ባዘዘው፦ እስከ ዛሬ ስትታመም ይረግሙህ ነበር። ዛሬ ግን «ደምለው ሁልጊዜ ለራሱ ነበር የሚታመም፤ ዛሬ ገና ለሁላችን ታመመልን» እያሉ ነው። ቅድም ሁሉም ወደ ማርቆስ ዞረው ጸለዩልህ።

ደምለው፦ [ዓይኑ እንባ አቅርሮ] እውነት? እንዲምረኝ?

ባዘዘው፦ [ጥቅሉን አስተካክሎ፣ መንገዱን እየጀመረ] ኧረ! ቶሎ እንዳይምርህ ነው እንጂ፣ አያ። ውቂያው መቼ ተጀመረና!